ከሽልማቱ በፊት የተከፈተው በር

የስልኩ ባትሪ ቶሎ እያለቀ ያላስመረረው ማን አለ? ኢሻ ካሬ የተባለች የካሊፎርኒያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግን ምሬቷን ወደ ጥያቄ ቀየረችው፦ ቶሎ የሚሞላና ቶሎ የማያረጅ የኃይል ማጠራቀሚያ መሥራት ይቻላል ወይ?

መልሷ በ2013 እ.ኤ.አ. በኢንቴል ዓለም አቀፍ የተማሪዎች የሳይንስ ውድድር 50,000 ዶላር አሸልሟታል። የሠራችው ሱፐርካፓሲተር ይባላል። ባትሪ ኃይል የሚያጠራቅመው በውስጡ በሚካሄድ ኬሚካላዊ ለውጥ ነው፤ ሱፐርካፓሲተር ግን በአብዛኛው ቻርጁን በገጹ ላይ ስለሚይዝ በፍጥነት ይሞላል። የእሷ 10,000 ጊዜ ያህል እየተሞላ መሥራት እንደሚችል ተነግሮለታል።

ወሬው ግን «ስልክ በ20 ሴኮንድ ቻርጅ አደረገች» እየተባለ ተዛመተ። በሙከራዋ ያበራችው አንዲት ትንሽ የኤልኢዲ መብራት ነበር። ሱፐርካፓሲተር በእኩል ክብደት የሚይዘው ኃይል ከባትሪ በጣም ስለሚያንስ ስልኮቻችን ዛሬም በባትሪ ይሠራሉ። ይህ ድካሟን አያሳንሰውም፤ ያጋነነው ወሬው ነው።

እኛን ያስቀናን ገንዘቡ አይደለም። ልጅቷ ምርምሯን የሠራችው በሳንታ ክሩዝ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ነው፤ በር የከፈተላት ሰው ነበረ ማለት ነው። በብዙ ከተሞቻችን ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በመካከላችንም የኬሚስትሪና የኤሌክትሪክ ምሩቃን አሉ። እንዲህ ያለውን ዜና ሼር አድርገን ከምናልፍ፣ እያንዳንዳችን አንድ ጠያቂ ተማሪ ይዘን ቤተ ሙከራ እናስገባ። እናንተም ተማሪዎች አትፈሩ፤ ጥያቄያችሁን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ የመምህራኑን በር አንኳኩ።