ሰንጠረዡን የገደለው ዝምታ ነው

ጥር 25 እና 26 ቀን 2016 ዓ.ም ቶኪዮ ዶም በሚባለው ግዙፍ የቤዝቦል ሜዳ «ዩ-ጊ-ኦ» የተሰኘው የካርታ ጨዋታ 25ኛ ዓመት ተከበረ። ከዝግጅቶቹ አንዱ በመድረክ ላይ የተደረገ ግጥሚያ ነበር። የተጋጠሙት በውድድር ስም ያወጡ ካርታ ተጫዋቾች አይደሉም፤ ሹንሱኬ ካዛማና ኬንጂሮ ትሱዳ የሚባሉ ተዋንያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 በጀመረው አኒሜ (የጃፓን የካርቱን ፊልም) ውስጥ ዩጊና ካይባ ለተባሉት ባላንጣዎች ድምፃቸውን የሰጡት እነሱ ናቸው። በዚያው ድምፅ እየተዛዛቱ፣ ካርታ እየመዘዙ፣ የሚጥሉትን ካርታ ስም እየጠሩ ተጋጠሙ።

ይህን ነገር በከተማችን በቆቦ ባነሳሁ ቁጥር የምሰማው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ «ታዲያ ምኑ ነው ጨዋታው? ቲያትር ነው እንጂ!» አኒሜ በስልኩ የሚያየው ልጅም፣ አኒሜ ምን እንደሆነ የማያውቀው አባቱም በዚህ ይስማማሉ። ተማርኩ የሚለው ደግሞ ነገሩን ያጠናክረዋል። ጨዋታ ማለት እጅና አእምሮ ነው፣ ድምፅ ጌጥ ነው፤ ሲበዛም ረብሻ ነው። ድምፁን ብታነሳው ጨዋታው ይቀራል፣ ጨዋታውን ብታነሳው ግን ድምፁ ባዶ ጩኸት ነው ይላል። አነጋገሩ ያምራል። እውነት ግን አይደለም። ከጃፓኖቹም ይልቅ የሚጎዳው እኛን ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

አስተሳሰቡ ከየት እንደመጣ ማወቅ አያስቸግርም። ቼስን የተማርነው በትምህርት ቤት ክበብ ነው፤ ሰዓት እየተቆጠረ፣ ተመልካች ከንፈሩን ገጥሞ። የዓለም ቼስ ፌዴሬሽን ሕግ ተጋጣሚን ማወክ ይከለክላል፣ ለውድድሩም ተገቢ ሕግ ነው። እኛ ግን ያንን የውድድር ሥርዓት የጨዋታ ሁሉ ባሕርይ አድርገን ወሰድነው። ከዚያ ተነሥተን «ቁም ነገረኛ ጨዋታ ዝም ብሎ ይጫወቱታል፣ የሚጮኽበት የልጅና የመጠጥ ቤት ነው» ማለት ጀመርን። ይህን የሚል ሰው የገዛ አያቶቹ እንዴት ይጫወቱ እንደነበር አልጠየቀም ማለት ነው።

እንጠይቅ። ከቆቦ ወደ ሰሜን አላማጣን፣ ኮረምን፣ ማይጨውን አልፎ እንጣሎ አለች። ከ200 ዓመት በፊት የራስ ወልደ ሥላሴ መቀመጫ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1805 ሄንሪ ሶልት የተባለ እንግሊዛዊ ወደዚያ ወጥቶ ራስ ወልደ ሥላሴ ከመኳንንታቸው ጋር ሰንጠረዥ፣ ማለትም የኛን የድሮ ቼስ፣ ሲጫወቱ አየ፣ ያየውንም ጻፈ። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ሻካራ ነበሩ። አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲወስድ ቀስ ብሎ አያነሣውም፤ በኃይልና በጉጉት መትቶ ከቦታው ያስወግደዋል። ጨዋታው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጫጫታ ነው። ዙሪያውን የቆመው ሁሉ፣ ባሪያ ሳይቀር፣ በጨዋታው ድምፅ አለው። የተሻለ መንገድ ከታየውም እጁን ሰድዶ ጠጠር ያንቀሳቅሳል።

ሶልት ይህን የጻፈው እየተገረመ ነው። እሱ ያደገበት ቼስ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ነበር። እኛ ግን ልንገረም አይገባም፣ ልናስተውል ነው የሚገባን። በዚያ ዘመን በራስ ፊት ቀና ብሎ የሚናገር ስንት ሰው ነበር? በግብር ላይ መቀመጫው በማዕረግ ነው፣ ቃሉ በማዕረግ ነው፣ ቁርጡ እንኳ በማዕረግ ነው። በዚያ አዳራሽ ባሪያ አፉን ከፍቶ «ፈረሱን ወዲህ!» የሚልበት አንድ ቦታ ቢኖር የሰንጠረዡ ዙሪያ ነበር። ድምፁን ከዚህ ጨዋታ አንሡት እንግዲህ። የሚቀረው ምንድን ነው? ሁለት ትልልቅ ሰዎች ጨርቅ ላይ ጠጠር የሚገፉበት ነገር ነው። እንጣሎ ላይ የነበረው ጨዋታ ግን እሱ አይደለም።

ሕጉንም እንይ፣ ሕጉ ከእኔ የበለጠ ይመሰክራልና። የኛ ሰንጠረዥ ገበታው ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ነው፣ መስመር ብቻ የተሰመረበት፣ 64 ቤት ያለው። በየበኩሉ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ (በዛሬው ቼስ የንግሥቷ ቦታ)፣ ሁለት ፊል (ዝሆን)፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደር (ግንብ) እና ስምንት መደቅ (እግረኛ ወታደር) ይሰለፋል። እስከዚህ ድረስ ከፋርስና ከዓረብ አገር የመጣው የድሮው ሰንጠረዥ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የኛው ነው። ተራ መጠበቅ የለም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ በፈለጉት ፍጥነትና ብዛት፣ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪወሰድ ድረስ እንዲህ ይቀጥላል፣ ተራ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። ስሙም ወረራ ነው። ብልህ የሚባለው ተጫዋች ዓይኑን ከሌላው እጅ ላይ አይነቅልም፤ ያኛው ሲያሰልፍ ያየውን ይዞ የራሱን ሰልፍ ያፈርሳል፣ መልሶ ይሠራል። አራት እጅ በአንድ ጨርቅ ላይ እየተላለፈ፣ ዙሪያውን ሰው ከቦ፣ ይህ በዝምታ ይሄዳል ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ አንድ ቀን ይሞክረውና ይንገረኝ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳየው ግን የፍጻሜው ነገር ነው። በዛሬው ቼስ ንጉሡን በምንም ብታጠምደው አሸነፍክ፤ ነጥቡ ያው አንድ ነው። በሰንጠረዥ ግን እንዲህ አልነበረም። በአንድ ደር ወይም በአንድ ፈረስ የሚጨርስ ሰው ያሸንፋል እንጂ አይደነቅም፣ ጥበብ የጎደለው አጨራረስ ነው። በፊል ወይም በፈርዝ መጨረስ ያስከብራል። ፊሎቹን፣ ፈርዙንና መደቆቹን አስተባብሮ ንጉሡን ያጠመደ ደግሞ በጭብጨባ ይነሣል። ደር ጠንካራ ነው፣ ፊልና መደቅ ደካሞች ናቸው። ስለዚህ የሚመሰገነው በደካሞቹ የጨረሰ፣ ረጅሙንና አስቸጋሪውን መንገድ የመረጠ ነው።

ለማን ብሎ ነው የሚመርጠው? ለውጤቱ ቢሆን ኖሮ በደሩ ይጨርስ ነበር። የሚመርጠው ለሚያየው ሰው ነው። አሸናፊነቱ በእጁ ከገባ በኋላ፣ መጨረሻው ለሁሉም ከታወቀ በኋላ፣ ያንን የታወቀ መጨረሻ አሳምሮ ለማሳየት ይጫወታል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ሰንጠረዥ ትርኢት ነው፤ ጨዋታነቱን ግን አላጣም። የጨዋታው ከፍተኛ ማዕረግ ያለውም እዚያው ላይ ነው። ካዛማና ትሱዳ ቶኪዮ ላይ ያደረጉት ከዚህ በምን ይለያል? እነሱ ካርታ ያዙ፣ እነዚያ የዝሆን ጥርስ። የሚያየው ሕዝብ በሁለቱም ዘንድ እያንዳንዱን ጠጠር፣ እያንዳንዱን ካርታ ከነሥራው የሚያውቅ ነው።

ይህ የመኳንንት ወግ ነው፣ ሕዝቡን አይመለከትም የሚለኝ ካለ ወደ ራያ ቆላ ይውረድ። ማሽላው በሚያፈራበት ወራት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወፍ ይጠብቃሉ። ጠዋትና ማታ ወንጭፋቸው ይጮኻል፣ እነሱም ከማማ ማማ ይጠራራሉ። ፀሐይ ሲከር ወፉም ጥላ ይፈልጋል፣ ልጆቹም ይወርዳሉ። ዛፍ ሥር በእጃቸው ጉድጓድ ጉድጓድ ይምሳሉ፣ ጠጠር ያከፋፍላሉ፣ ገበጣ ይጀመራል። ጠጠሩን በየጉድጓዱ የሚጥለው አንዱ ነው፤ የሚቆጥሩት ግን ሁሉም ናቸው፣ ጮክ ብለው። የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ ፈጣኑ ልጅ ገና ከጅምሩ አውቆታል። አውቆትም ዝም አይልም፤ እየሳቀ፣ ተሸናፊውን እያበሸቀ፣ ጠጠሩ እስኪያርፍ ያጅበዋል። ከገበጣ ዓይነቶች አንዱ ስሙ ራሱ «ላም ወለደች» ነው። ይህን ያየ ሰው ድምፅን ጌጥ ነው ሊል አይችልም።

«ቲያትር ነው» ከሚለው የሚከተለው ሁለተኛው ክርክር፣ «ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ልብ አይሰቅልም» የሚለው ደግሞ፣ አገራችን ውስጥ ሊነሣ የማይገባው ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ብዙ ሰው መጽሐፉን አንብቦ ጨርሶ ነበር። በዛብህ ምን እንደሚገጥመው፣ ሰብለ ምን እንደምትሆን ያውቃል። ግን ሰዓቱ ሲደርስ ሬዲዮኑ ዙሪያ ተሰብስቦ ይጠብቅ ነበር፤ ዛሬም ድረስ ትረካው በስልክ ይደመጣል። አንድ ሰው በአንድ ጉሮሮ ፊታውራሪ መሸሻንም ጉዱ ካሣንም ሆኖ ሲከራከር ሰምተን ያለቀስን ሰዎች ነን። «መጨረሻውን አውቀዋለሁ» ብሎ ሬዲዮኑን የዘጋ ሰው አላውቅም።

አንዳንዱ ደግሞ የተሸጠ የኳስ ግጥሚያን ያነሣል። ያ ሌብነት ነው፤ ገንዘቡን ከፍሎ የገባው ተመልካች ተታልሏልና። ቶኪዮ ላይ የተታለለ የለም። ሁለቱን ለማምታታት የሚሞክር ሰው ጋር ረጅም ክርክር መግጠም አያስፈልግም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ባሳተመው ጥናት ጨዋታው ከጣሊያን ወረራ ዘመን በኋላ እንደጠፋ ጽፏል። እቴጌ ጣይቱ እንኳ ከበገና ድርደራ ጋር የሚታወሱበት ጨዋታ ነው። ምን ገደለው? የተለመደው መልስ ጦርነቱ ነው። መኳንንቱ አለቁ፣ ተበተኑ፣ ግቢዎቹ ፈረሱ። ይህ እውነት ነው፣ ግን በቂ አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ መሳፍንቱም ተመልሰዋል፣ ግብሩም ተመልሷል፣ ቀይ ጨርቅም አልጠፋም። ያልተመለሰው ዙሪያው የቆመው ሰው ነው። አዲሱ ባለሥልጣን በፎቴ ወንበር ተቀምጦ ከአንድ እኩያው ጋር በዝምታ የሚጫወተውን የፈረንጁን ቼስ መረጠ። ሎሌው ቡና አምጥቶ ወጣ። ድምፅ የሚሰጠው ሲጠፋ በፊል የሚጨርስበት ምክንያትም አብሮ ጠፋ፣ ለማን ብሎ? ወረራውም ሥርዓት የጎደለው መሰለ። በእኔ እምነት ሰንጠረዥን ከጣሊያን መርዝና መድፍ ይልቅ የገደለው ይህ ዝምታ ነው።

ስለዚህም ሰንጠረዥ ይመለስ የሚሉ ወገኖች የያዙትን መንገድ አልወደውም። ፌዴሬሽን ይቋቋም፣ ሕጉ በአንቀጽ ይጻፍ፣ በክበብ በክበብ ውድድር ይደረግ ይላሉ። በዚህ መንገድ የሚመለሰው የቼስ ደካማ ታናሽ ወንድም ነው፤ ፈርዙ አንድ እርምጃ ብቻ የሚሄድ፣ ከዓለሙ ቼስ አጠገብ ሲቀመጥ የሚያሳፍር። ሰንጠረዥ መመለስ ያለበት በመድረክ ነው፣ የሚመልሱትም ተዋንያን ናቸው።

ተዋንያኑ ደግሞ አሉን። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር ከኪነ ጥበብ ሰዎች ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። ስለ ገበያው የተባለውን እዚህ አላነሣም። ግን በዚያ ሥራ ጠባብ ክፍል ውስጥ ማይክሮፎን ፊት ቆመው የሌላ ሰው ከንፈር እየጠበቁ መሳቅና ማልቀስ የቻሉ ብዙ ወጣቶች ወጥተዋል። ቆቦ ላይ በየቤቱ ድምፃቸው ይታወቃል፣ ፊታቸውን የሚያውቅ የለም። ጃፓኖቹ ያደረጉት ከሥዕሉ ጀርባ ያለውን ድምፅ ወደ ሕዝብ ማውጣት ነው፤ ድምፁን መድረክ ላይ አቁመው ካርታ አስያዙት። እኛ ጨርቅና ጠጠር እናስይዘው። አንዱ ራስ ወልደ ሥላሴን፣ ሌላው ከመኳንንታቸው አንዱን ይሁን። ዙሪያቸውን ሎሌ የሚሆኑ ይቁሙ፣ ከተመልካቹም የሚጮኽ ይጨመር። ወረራው ይጀመር። መጨረሻው አስቀድሞ ይጻፍ፣ ግድ የለም፤ በፊልና በመደቅ ይለቅ።

ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ቅርባችን ነው፣ መምህራኑ ሕጉን አጥንተው ጽሑፉን ማዘጋጀት አያቅታቸውም። በነሐሴ ለሶለል በዓል ቆቦ በሰው ስትሞላ ከልጃገረዶቹ ጭፈራ ጎን አንድ ከሰዓት የሚሆን ቦታ አይጠፋም። ጨርቁን የሚሰፋ ልብስ ሰፊ፣ 32ቱን ጠጠር ከእንጨት የሚጠርብ አናጺ እዚሁ አለ። ድምፅ ሰጪዎቹ ግን አዲስ አበባ ናችሁ፤ የቀራችሁት እናንተ ናችሁና ኑ።