ስልኬን ማን ቀጠረው?

ባለፈው ቅዳሜ የሰፈራችን ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። «ሞልቷል ይለኛል፤ ፎቶ እንኳን አላነሳ ብሏል፣ እስቲ እየው» አለችኝ። በሰፈር ውስጥ ስልክና ኮምፒውተር የሚነካካ ሰው ከሆናችሁ ይህ ዓይነቱ ቅዳሜ አይቀርላችሁም። ክፍያው ቡና ነው፣ እኔም ደስ ይለኛል።

ስልኩ 64 ጊጋ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ምን እንደያዘው ሳይ፣ ከግማሽ በላዩን የያዘው ቴሌግራም ነው። ፊልም ስታወርድ የምትውል መስሎኝ ልቀልድባት ነበር። ዝርዝሩን ስከፍተው አንድም ፊልም የለም። የባንክ ስሊፕ ፎቶ፣ የደረሰኝ ፎቶ፣ ፒዲኤፍ፣ ዕቃ ሲራገፍ የተቀረጸ ቪዲዮ፣ አራት ደቂቃ የሚፈጅ የአለቃ የድምፅ መልእክት። ልጅቷ የአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ድርጅቱ ስድስት የሥራ ግሩፕ አለው፤ ስድስቱም ውስጥ አለች።

«ታዲያ ቦታ ሲያንስሽ ምን ታደርጊ ነበር?» አልኳት።

«የልጄን ቪዲዮዎች ነዋ የማጠፋው» አለች። «የሥራውን ብነካ ይጠይቁኛል።»

ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ያስጻፈኝ ይህ መልስ ነው።

አስቀድሜ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልበል። እኔ «ስልክ አበላሸን፣ ድሮ ደኅና ነበርን» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ላፕቶፕ መፍታት እወዳለሁ። አሮጌ ኮምፒውተር ኤስኤስዲ ተቀይሮለት እንደ አዲስ ሲነሣ ማየት ለእኔ ከኳስ ይበልጣል። ይህን የምጽፍበት ቲንክፓድ ቲ480 ሁለት ባትሪ አለው፤ አንዱ ውስጥ የታሰረ፣ አንዱ ከውጭ የሚነቀል። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ሳላጠፋ የውጪውን እቀይራለሁ። ይህን ያሰበው መሐንዲስ የትም ይሁን፣ ዕድሜ ይስጠው። ስለዚህ ጠቤ ከዕቃው ጋር አይደለም። ዕቃውን ሳይገዛ ከሚያዝበት ሰው ጋር ነው።

አንድ ድርጅት ሾፌር ሲቀጥር «መኪናህን ይዘህ ና፤ ነዳጁም ጎማውም በአንተ» ቢል ሰው ሁሉ ይስቅበታል። መኪናውን ይዞ የሚመጣ ሾፌር ቢገኝ እንኳ ያ ቅጥር አይባልም፤ ኪራይ ነው። በቀን ስንት፣ ነዳጅ በማን ተብሎ ይዋዋላሉ። ስልክና ላፕቶፕ ላይ ስንደርስ ግን ይህ ሁሉ ሒሳብ ይረሳል። የሥራ ማስታወቂያ ላይ ከዲግሪውና ከልምዱ ቀጥሎ «የራሱ ላፕቶፕ ያለው» ተብሎ ይጻፋል። እንደ ችሎታ! ስልኩማ ጭራሽ አይጻፍም። እንደ እጅና እግር አብሮህ የተፈጠረ ነው የሚመስላቸው።

ስልክ ደግሞ የሚያልቅ ዕቃ ነው። ሊቲየም ባትሪ በተሞላና በተራቆተ ቁጥር ያረጃል። አፕል ራሱ ስለ አይፎን 14 እና ከዚያ በፊት ስለነበሩት ሞዴሎች ሲናገር፣ ባትሪያቸው በጥሩ ሁኔታ ከተያዘ ከ500 ሙሉ የቻርጅ ዙር በኋላ ከመጀመሪያ አቅሙ 80 በመቶውን እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ነው ይላል። ቀኑን ሙሉ የድርጅት ፎቶ ሲቀበልና ሲልክ የሚውል ስልክ በቀን አንድ ዙር መጨረሱ አይቀርም። 500 ቀን ማለት አንድ ዓመት ከአምስት ወር እንኳ አይሞላም። ከዚያ በኋላ ፓወር ባንክ ተሸክሞ መዞር ነው። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፣ አዲስ ስልክ የሚገዛው ደግሞ በዚህኛው ዋጋ ነው። ፓኬጁ፣ የተሰነጠቀው ስክሪን፣ ቻርጀሩ በላዩ ላይ ይደመራል።

ድርጅቱ ለጄኔሬተሩና ለመኪናው በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ይይዛል። የምታሰላው ያቺው ልጅ ናት። የእሷ ስልክ እርጅና ግን በማንም መዝገብ ላይ የለም።

ላፕቶፑም ያው ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ። አንድ ወዳጄ በሚሠራበት ቢሮ የሥራ ግሩፕ ላይ ማሳሰቢያ ተለጠፈ፤ «ለመረጃ ደኅንነት ሲባል ሁሉም ሠራተኛ ላፕቶፑን ወደ ዊንዶውስ 11 እንዲያሳድግ» የሚል። ምክንያቱ ትክክል ነው፤ የደኅንነት ማሻሻያ የማያገኝ ኮምፒውተር ላይ የደንበኛ መረጃ ማስቀመጥ አደገኛ ነው። ችግሩ የወዳጄ ላፕቶፕ ቲ470 መሆኑ ነው። ከውጭ ስታዩት ከእኔው ቲ480 ጋር መንታ ነው፤ ውስጡ ግን ፕሮሰሰሩ ኢንቴል 7ኛ ትውልድ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂት ሞዴሎች በቀር ከ8ኛ ትውልድ በታች ያለውን ኢንቴል በይፋ አይቀበልም። ምንም ያልተበላሸ ኮምፒውተር በአንድ ማስታወቂያ ከሥራ ውጪ ሆነ ማለት ነው። ቢሮው ምን አለ? «በራሳችሁ አመቻቹ።» ደኅንነቱ የድርጅቱ፣ ወጪው የሠራተኛው። ወዳጄ ተበድሮ ገዛ።

አሠሪዎች ደግሞ የሚያስገርመኝ የራሳቸውንም ጉዳት አለማየታቸው ነው። የድርጅቱ የባንክ ስሊፕ፣ የደንበኞች ስልክ ቁጥር፣ የደሞዝ ዝርዝር፣ ሁሉም በሠላሳ ሰው ኪስ ውስጥ ተበትኗል። የአንዱ ስልክ መክፈቻ 1234 ነው። የሌላዋን ልጆች ጌም ይጫወቱበታል። «የተላከልህን ኮድ ላክልኝ» የሚለውን ማጭበርበር የማታውቁ አይመስለኝም፤ አንድ ሠራተኛ ኮዱን ሰጥቶ አካውንቱ ከተወሰደ የግሩፑ ታሪክ በሙሉ አብሮ ይሄዳል። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያበራ ሠራተኛ ስንት ነው? ለነገሩ ማን ነግሮት ያበራል? ስልኩ የግሉ ስለሆነ የአይቲ ክፍሉ አይነካውም፤ መረጃ ሲወጣ ግን ተጠያቂው እሱ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ግን ትንሹ ክፍል ነው። ስልኩን የወሰደ ሰው ምሽቱንም ይወስዳል። ቢሮ በቁልፍ በሚዘጋበት ዘመን አለቃ ሊያዝህ ቢፈልግ ቢያንስ ቤትህ ድረስ ሰው መላክ ነበረበት፤ ስለዚህ እስኪነጋ ይቆይ ነበር። አሁን ጣቱን ያንቀሳቅሳል። «ሰላም ቲም፣ ይቅርታ በዚህ ሰዓት፣ አንዴ ይቺን ብቻ...» ይልና ይጀምራል። ይቅርታው በየማታው ነው።

እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ፣ ጽሑፍ የምሸጥለት አንድ ሚዲያ አዘጋጅ ስለ አንድ አርእስት ጠየቀኝ። ከፈትኩት፣ አላሰብኩበትም። ሁለቱ ጭረት ታየው መሰለኝ «አንብበኸዋል፣ ለምን አትመልስም?» ብሎ ጨመረ። ሟቹ አጎቴ ናቸው። ንጹሕ ነኝ ግን አልልም። አንድ ጊዜ እሁድ ከሰዓት ለአንድ ፎቶግራፈር አሥራ አራት መልእክት ደርድሬለት፣ ማታ ሲመልስልኝ ልጁን ክርስትና ሲያስነሣ እንደዋለ ነገረኝ። አፍሬ ስልኬን አስቀመጥኩ።

ሕጉ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 አሠሪው፣ በሥራ ውሉ በሌላ ሁኔታ ካልተወሰነ በቀር፣ ለሥራው የሚያስፈልገውን መሣሪያና ቁሳቁስ ለሠራተኛው የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ውላችሁን አውጥታችሁ እዩት። ስለ ስልክና ላፕቶፕ ምንም የማይል ከሆነ ዝምታው ለእናንተ ነው የሚሠራው እንጂ ለአሠሪው አይደለም። አንቀጽ 61 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይላል። ትርፍ ሰዓት የሚፈቀደው አደጋ ሲደርስ ወይም ሲያሰጋ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲኖር፣ ወይም ማቋረጥ በማይቻል ሥራ ላይ የቀረን ሰው ለመተካት ነው። ክፍያውም ተጽፏል፤ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የመደበኛው አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 አንድ ከሦስት ሩብ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ። የመንግሥት ሠራተኛና የሥራ መሪ በዚህ አዋጅ አይተዳደሩም፤ ግሩፑ ውስጥ ያለው አብዛኛው የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን ይተዳደራል።

መልእክት ማንበብ ሥራ ነው ወይ ብሎ የሚከራከር ጠበቃ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ከምሽቱ 4 ተኩል ተነሥቶ ላፕቶፕ ከፍቶ የባንክ ማስታረቂያ መሥራትስ? እሱ ሥራ ካልሆነ ምንድን ነው? ማስረጃውም እንደ ድሮው አስቸጋሪ አይደለም። ትእዛዙ በጽሑፍ ነው፣ ሰዓቱ ከሥሩ አለ፣ ስም አለው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ቴሌግራም ላይ በግል የተላከን መልእክት ላኪው በፈለገበት ጊዜ ከሁለቱም ወገን ሊያጠፋው ይችላል። ስክሪን ሾት አንሡ።

ሌላው የሚያናድደኝ መፍትሔው እዚያው አፕ ውስጥ ተኝቶ መኖሩ ነው። የመላኪያውን ቀስት ጫን አድርጋችሁ ብትይዙት ሁለት ምርጫ ይመጣል፤ አንዱ ያለ ድምፅ መላክ፣ ሌላው ቀጠሮ ይዞ መላክ። ማታ 3 ሰዓት ሐሳብ የመጣለት አለቃ ጽፎ ለጠዋት 2 ሰዓት ተኩል መቅጠር ይችላል። ሐሳቡ አይጠፋበትም፣ የማንም እራት አይበላሽም። ከ2019 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያለ ነገር ነው። የሚያውቁት ግን ሌላውን ነው፤ ፒን ማድረግን። ፒን የተደረገ መልእክት ግሩፑን ሚዩት ላደረገውም ሰው ይጮኻል። ይህን ያወቁት ቶሎ ነው!

«ሥራ በመኖርህ አመስግን» የሚለው መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አመሰግናለሁ። ሥራ የምፈልገው ግን ደሞዝ ስለሚከፈልበት ነው፤ ከደሞዜ ላይ መልሼ ለአሠሪው ዕቃ የምገዛ ከሆነ እሱም ያመስግነኝ። «ደንበኞቻችን አሜሪካ ናቸው፣ ሰዓቱ አይገጥምም» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ሥራው ማታ ከሆነ የማታ ፈረቃ ይቅጠሩ። ቀን ቢሮ አስቀምጦ ማታ ደግሞ ቤት ማሠራት ፈረቃ አይደለም። ትንንሽ ድርጅቶች ለሁሉም ሰው ላፕቶፕ መግዛት ይከብዳቸዋል የሚለውን ግን እቀበላለሁ። ያ ከሆነ ወርሃዊ የዕቃ አበል ይቁረጡ፤ የፓኬጁን ይክፈሉ፤ ለሥራ ግሩፑ ብቻ የሚሆን አንድ ርካሽ ስልክና ሲም ለክፍሉ ይግዙ፣ ተረኛው ይያዘው። ከቢሮ ወንበር አንድ ስልክ አይወደድም።

ሌላው ዓለም ይህን ጥያቄ አንሥቶ መልስ መስጠት ጀምሯል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ከሥራ ሰዓት ውጪ ስላለው ግንኙነት ከሠራተኞች ጋር እንዲደራደሩ አድርጋለች። ፖርቹጋል በ2021 ባወጣችው ሕግ አሠሪ በዕረፍት ሰዓት ሠራተኛን እንዳያስቸግር ከለከለች፤ ከቤት ለሚሠራው የሚጨምረውን የመብራትና የኢንተርኔት ወጪም አሠሪው እንዲሸፍን አዘዘች። ጎረቤታችን ኬንያ እንኳ በ2022 ለሴኔቷ ረቂቅ ቀርቦላት ነበር። እኛ ጋ ግን ያለውን አንቀጽ 12 የሚጠቅስ የሠራተኛ ማኅበር እስካሁን አልገጠመኝም። ካለ ይንገረኝ፣ እጽፍለታለሁ።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ቡናው ሁለተኛ እየተቀዳ ሳለ የቴሌግራሙን ካሽ አጠፋሁላትና ስልኩ ተነፈሰ። ደነገጠች። «የሥራው ፋይል ጠፋ?» አለች። አልጠፋም። ግሩፑ ላይ የተላከ ነገር ሁሉ ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ተቀምጧል፤ ሲነኩት መልሶ ይወርዳል። ስልኳ ላይ ብቻ የነበሩት፣ ሌላ ቦታ ቅጂ ያልነበራቸው የልጇ ቪዲዮዎች ነበሩ። ይህን ሳስረዳት ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተናገረችም።

ሰኞ ጠዋት፣ በሥራ ሰዓት፣ ለሥራ አስኪያጁ በአክብሮት ጻፈች፤ ለሒሳብ ክፍሉ አንድ የድርጅት ስልክ ይገዛልን ብላ። አውራ ጣት ተደረገላት። ከዚያ ወዲህ ሌላ መልስ የለም። ከጠፉት ቪዲዮዎች ሦስቱን በጊዜው ለእናቷ ልካላቸው ስለነበር ከእሳቸው ስልክ አወረድናቸው።