ነብሩ ይጾማል፤ መንጋው ግን ይጠበቃል

የሞተ ወይም የተሰወረ ጀግና አንድ ቀን ተመልሶ ይመጣል የሚለው ተስፋ የአንድ አገር ሕዝብ ብቻ ሀብት አይደለም። የብሪታንያ ሰዎች ንጉሥ አርተር ቆስሎ ወደ አቫሎን ደሴት ተወሰደ እንጂ አልሞተም ሲሉ ለብዙ ምዕተ ዓመታት ተርከዋል። ጀርመኖች ጢመ ቀዩ ንጉሥ ፍሬድሪክ በኪፍሆይዘር ተራራ ሥር አንቀላፍቶ ቀኑን ይጠብቃል ብለዋል። ፖርቱጋሎችም እ.ኤ.አ. በ1578 ሞሮኮ ላይ በጦር ሜዳ የወደቀው ወጣቱ ንጉሣቸው ሰባስትያን በጭጋጋማ ማለዳ ይመለሳል ብለው ሲጠብቁ ኖረዋል። ዛሬም ከባሕር ማዶ በሚመጡት የምናብ ዓለም ልቦለዶችና ፊልሞች ውስጥ ይኸው ተረት ልብሱን ለውጦ ይገኛል። ዓለም በጨለማ ትዋጣለች፤ ጥንታዊ ትንቢት ይነበባል፤ የተመረጠው ጀግና ዳግም ይወለዳል። የቀረው ሕዝብ ሥራ መጠበቅና ማጨብጨብ ብቻ ይሆናል።

ኢትዮጵያም የራሷ አላት። «ፍካሬ ኢየሱስ» በመባል የሚታወቀው የግዕዝ መጽሐፍ ክርስቶስ ለደቀ መዛሙርቱ የኋለኛውን ዘመን ምልክቶች የገለጠበት ነው ተብሎ ይነገራል። በትንቢቱ መሠረት ፍርድ ከተጓደለ፣ ሹም ከከፋ፣ ረኃብና ጦርነት ከበረታ በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ከምሥራቅ ይነሣል፤ አርባ ዓመትም በሰላምና በጥጋብ ይገዛል። ይህ ተስፋ ከአንድ የቀድሞ ንጉሥ ጋር ተያይዞም ኖሯል። የዐፄ ዳዊት ልጅ ቀዳማዊ ቴዎድሮስ በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ከዙፋኑ በሞት ተለየ። ሆኖም በ18ኛው ምዕተ ዓመት ጎንደር ተቀምጦ የነበረው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ ሕዝቡ ያ ንጉሥ ዳግመኛ ተነሥቶ ሺህ ዓመት ይነግሣል ብሎ እንደሚያምን ጽፏል። እንግዲህ የዳግም ልደቱ ተስፋ የቋራው ካሣ ከመወለዱ በፊት በሕዝቡ አንደበት ላይ ነበረ ማለት ነው።

ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥቶ በደረስጌ ማርያም ሲቀባ ቴዎድሮስ የሚለውን ስመ መንግሥት የመረጠው በዘፈቀደ አልነበረም። ስሙ ራሱ እንደ አንድ ሠራዊት ይቆጠር ነበር። በዘመነ መሳፍንት የደቀቀው ገበሬ ያንን ስም ሲሰማ ልቡ እንዴት እንደሚነሣ አዲሱ ንጉሥ አሳምሮ ያውቅ ነበር። እዚህ ድረስ ትንቢቱ ለታሪክ አገልግሏል፤ ይህን መካድ አይገባም። ጨለማ ውስጥ ላለ ሰው ተስፋ ስንቅ ነው።

ይሁንና ትንቢቱ አርባ ዓመት ሲሰጠው ታሪክ የሰጠው አሥራ ሦስት ብቻ ነው። በእነዚያ ዓመታት ከተሠራው ሥራ ደግሞ አንድም በትንቢት ኃይል የተሠራ የለም። መንገዱ የተቆረጠው ድንጋይ በፈነቀለው ሰው ክንድ ነው። ጋፋት ላይ መድፍ የቀለጠው በባዕዳን ባለ እጆችና በአገሬው ሠራተኞች ላብ ነው። ሴባስቶፖል የተባለው ከባድ መድፍ እስከ መቅደላ አምባ የተጎተተው በመቶዎች ትከሻ ነው። የንጉሡ ዜና መዋዕል በአማርኛ የተጻፈው ደብተራ ዘነብ ብዕር ስላነሣ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ አምባው ሲወጣ ግን ከንጉሡ ጋር የቀረው የቀድሞው ሠራዊት ጥላ ነበር። ገበሬው በዘመቻና በቀለብ ተማሯል፤ መሳፍንቱ ሸፍተዋል፤ ካህናቱ በመሬታቸው ምክንያት ተቀይመዋል። መቅደላ ላይ የታየው አንድ እውነት ነው፤ የተመረጠ የሚባል ሰው ሕዝብ የተለየው ዕለት ብቻውን ይቀራል።

ይህን እውነት አንጋፋዎቹ ደራስያን አልሳቱትም። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ ብርሃኑ ዘርይሁን፣ አቤ ጉበኛና ጸጋዬ ገብረ መድኅን ቴዎድሮስን የድርሰታቸው ባለቤት ሲያደርጉ ትልቅነቱን ከነሰቀቀኑ አቅርበውታል። ከእነርሱ በኋላ የመጣው በርካታ የመድረክ ግጥምና የበዓል ተውኔት ግን ሰቀቀኑን ጥሎ ሽጉጡን ብቻ አነሣ። ዘመን በከፋ ቁጥር ከያኒው ወደ መድረክ ወጥቶ «ተነሥ፣ ናልን» ይላል፤ አዳራሹም ያጨበጭባል፤ ከዚያም ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። በማግሥቱ የቀበሌው ዳኛ እንደ ትናንቱ ያዳላል፤ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ እንደ ትናንቱ ያፈሳል።

የዚህ ዓይነቱ ኪነት ጥፋቶች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ የአንዱን ስም ከፍ ለማድረግ ሲል መንገድ የጠረጉትን፣ መድፍ የጎተቱትን፣ ስንቅ የፈጩትን ሴቶችና ወንዶች ከታሪክ ገጽ ይፍቃል። ሁለተኛ፣ ስሙን ዘላን ያደርገዋል። ይኸውም ዛሬ ሥልጣን ላይ የወጣውን ሁሉ «የተነገረለት እርሱ ነው» ብሎ ይቀባል፤ ነገ ሲወርድ ደግሞ ሌላ ያፈላልጋል። ውዳሴው ያው ነው፤ የሚቀየረው ስሙ ብቻ ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው፣ ተመልካቹን ከሠሪነት ወደ ጠባቂነት ያወርደዋል። ፖርቱጋል ሰባስትያንን ስትጠብቅ ከ1580 እስከ 1640 በእስፓኝ ነገሥታት ሥር ወድቃ ነበር። በዚያ መካከል ሰባስትያን ነኝ የሚሉ አታላዮች ተነሡ። አገሪቱ ነፃነቷን ያገኘችው ከጭጋግ በወጣ ንጉሥ አይደለም፤ በአገር ውስጥ የነበሩ ሰዎች ተማክረው ስለተነሡ ነው።

ታዲያ ተረቱ ይቃጠል፣ ትንቢቱም ከመጻሕፍት ይፋቅ ማለት ነው? አይደለም። ተረትን በአዋጅ ለማጥፋት የሚነሣ ሰው ሕዝቡን አያውቅም። ጥያቄው ሕዝብ ተረቱን ይዞ እንዴት ይኑር የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈልግ ሰው ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በስተ ምዕራብ ወዳለው የጋሞ ደጋ ቢወጣ አይከስርም።

በዶርዜ ዘንድ ስለ ነብር የሚነገር አንድ እምነት አለ። ነብር ክርስቲያን እንስሳ ነው፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም ጾም ያከብራል ይባላል። ይህን በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ለዓለም ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ዳን ስፐርበር ነበር። ተመራማሪው ያስተዋለው ግን እምነቱን ብቻ አይደለም፤ የዶርዜ ሰው ነብር ይጾማል ብሎ እየተናገረ ረቡዕና ዓርብም እንደ ማንኛውም ቀን መንጋውን በጥንቃቄ ይጠብቃል። ይህን እንደ ሞኝነት የሚቆጥር ቢኖር ሞኙ እርሱ ነው። ተረቱ የተከበረ ሥፍራው አለው፤ በረቱም የተከበረ ጠባቂው አለው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይወስድም። የቴዎድሮስን መምጣት የሚሰብከው ከያኒ የጎደለው ይህ ጥበብ ነው። እርሱ ነብሩ ይጾማል ብሎ ካወጀ በኋላ እረኛውን ወደ ቤት ያሰናብተዋል።

የጋሞ ሰው በረቱን የሚጠብቅበት ሥርዓትም አለው። ደጋው ከጥንት ጀምሮ «ደሬ» በሚባሉ በርካታ ራሳቸውን የቻሉ ማኅበረሰቦች የተከፈለ ነበር። እያንዳንዱ ደሬ «ዱቡሻ» የሚባል የመሰብሰቢያ ሜዳ አለው። በዱቡሻ ነገሩ በምርቃት ይከፈታል፤ ተናጋሪው ተነሥቶ ይናገራል፤ ሌላው ይመልሳል፤ የወሰን ጠብ፣ የግጦሽ ጉዳይ፣ የተሰበረ ወግ ሁሉ ስምምነት እስኪገኝ ይመከርበታል። ማርክ አቤሌስ የተባለው ሌላው ፈረንሳዊ ተመራማሪ በኦቾሎ ያየውን ይህን ሸንጎ መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ ፖለቲካ ምንነት መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደርሷል። በዘር የሚወረስ የ«ካዎ» ማዕረግ መኖሩ እውነት ነው። ከእርሱ ጎን ግን «ሀላቃ» አለ። ሀላቃ ከምሥራቅ የሚጠበቅ ሰው አይደለም፤ ከጎረቤት መካከል በሸንጎ የሚጠራ ነው። ሲሾም ድግስ ይደግሳል፤ ቅቤ በአናቱ ላይ ይደረግለታል፤ በገበያው ሕዝብ ፊት ይታያል። ሹመቱ ከጎተራው ያወጣዋል እንጂ ወደ ጎተራው አያስገባለትም። እርሱም ደሬውን እንደ እረኛ ይጠብቃል።

የዚህ ሥርዓት ኃይል የተፈተነው በቅርብ ዘመን ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢዋ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙዎችም ተፈናቀሉ። ከተጎዱት መካከል የጋሞ ተወላጆች ብዙ ነበሩ። መርዶው አርባ ምንጭ ሲደርስ የተቆጡ ወጣቶች አደባባይ ወጡ፤ በማያውቁት ሰው ንብረት ላይ የማያውቀውን ደም ሊበቀሉ ተነሡ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ጠመንጃ አልያዙም፤ ትንቢትም አልጠቀሱም። ልጆቻቸው በሣሩ ላይ ተራምደው እንዳያልፉ ለመኑ። ወጣቶቹም ተመለሱ። በዚያ ቀን በአርባ ምንጭ ስንት ቤት ሳይቃጠል፣ ስንት ሰው ሳይሞት እንደቀረ የሚቆጥር የለም፤ ያልተፈጸመ ጥፋት ቆጣሪ የለውምና።

በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ላይ ከመቅደላ የተወሰደው የዐፄ ቴዎድሮስ ቁንዳላ ለንደን ከሚገኘው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ይህም የሚያስደስት ነው፤ የተዘረፈ ሁሉ ሊመለስ ይገባል። ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው አለ። ከብዙ መቶ ዓመት ትንቢት በኋላ በእርግጥ የተመለሰው ጥቂት ፀጉር ነው፤ እርሱም የመጣው ሰዎች ስለጠየቁና ስለተከራከሩ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ አገሪቱ ሁለቱንም አየች፤ የጀግናውን ፀጉርና የአባቶችን ሣር። የኪነት ሰው ራሱን ይመርምር፤ ለየትኛው ስንት ግጥም ጻፈ?

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። አንዱን ጣዖት አውርዶ ዱቡሻን በቦታው መስቀል ያው ስሕተት ነው። በጋሞ ደጋ «ማላ» የሚባለው ወገን በሸንጎ ሲናገር ሸክላ ሠሪው «ማና»ና ቆዳ ፋቂው «ደጋላ» ለብዙ ዘመን ከሜዳው ዳር ቆመዋል። ሴቶችም ድምፃቸው በሸንጎው አልተሰማም። ሣር የያዙት አባቶች ክብር የሚገባቸው ቢሆንም ሁልጊዜ እነርሱ እንዲንበረከኩ መጠበቅ ሌላ የቴዎድሮስ ጥበቃ ነው። ሽማግሌ ጉልበቱን መሬት ላይ የሚያደርገው ዳኛው፣ አስተዳዳሪውና ጸሐፊው አስቀድመው ሥራቸውን ስላልሠሩ ነው። ደግሞም ጥላቻ የሚዘራበት ቃል ከከያኒ አንደበትም ይወጣል፤ ይህን መሸሸግ አይቻልም።

እንግዲህ ለመድረኩ የሚቀርበው ጥያቄ ግልጽ ነው። ጸሐፌ ተውኔቱ ጀግናው ከምሥራቅ በር የሚገባበትን የመጨረሻ ገቢር ትቶ በሩ ሳይከፈት ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ ያሳይ። ዱቡሻ ራሱ መድረክ ነው፤ ክርክር አለው፤ ፀጥታ አለው፤ የሚያፍር ሰው፣ የሚምል ሰው፣ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አለው። እስከ ዛሬ ዳር የቆመችው ሸክላ ሠሪ ወደ መካከል ገብታ ስትናገር ከዚያ የሚበልጥ ምን ድራማ ይፈለጋል? መምህሩ ደግሞ «ፍካሬ ኢየሱስ»ን ለተማሪዎቹ ያስነብብ፤ ሲያስነብብ ግን ትንቢቱን ማን፣ መቼ፣ ለምን ጥቅም እንደጠቀሰው አብሮ ያስጠይቅ። የሕዝብ አደራጅ የሆነው ካድሬም ስብሰባ ሲጠራ የአንድን ሰው ስም ለማስጨብጨብ ሳይሆን ከዳር ያለውን ለማናገር ይጥራ።

አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከተራራው ሥር ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። ሕዝቡ ከምንጮቹ የሚቀዳው አርባው የሰላም ዓመት እስኪመጣ ሳይጠብቅ፣ በየማለዳው እንስራውን ይዞ በመውረድ ነው። ትንቢት ለሚወድ ትንቢቱ ይኑረው፤ በክረምት ማታም ለልጆቹ ይተርክላቸው። ነገር ግን ረቡዕም ይሁን ዓርብ፣ ነብሩ ጾመኛም ይሁን በላተኛ፣ ከበረቱ ደጃፍ ሰው አይጥፋ። የኪነ ጥበብ ሰው ግዴታም እረኛውን ማስተኛት ሳይሆን ማንቃት ነው።