ሸራ የለበሰው ቶርኖ

ሰሞኑን ዓለም ጤና ነበርኩ፤ ከሞጆ ወደ መቂ ስትሄዱ መንገድ ላይ የምታገኟት ከተማ። አንድ ዘመዴ እዚያ በመስኖ ሽንኩርት ያለማል። እናላችሁ፣ የውኃ ፓምፑ ዘንግ ተሰብሮበት ስደርስ ጭንቅ ላይ ነበር። ዘንጉን ይዞ አዳማ ቶርኖ ቤት ሄደ፣ ወረፋ ጠበቀ፤ በአራተኛው ቀን ሲመለስ ሽንኩርቱ ጠውልጓል።

የጎረቤቱ ልጅ በማሽን ሥራ ደረጃ አራት የጨረሰች ናት። «አንቺ አትሠሪለትም ነበር?» አልኳት።

«ጋሼ፣ እኛ ቶርኖን የተማርነው ሰሌዳ ላይ ነው። ሥዕሉን ከፈለጉ ግን ጥርት አድርጌ እስልልዎታለሁ።»

የተማረችበት ቦታ ማሽን ጠፍቶ አይደለም። አለ፤ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ለመለማመጃ የሚሆን ብረት መግዣ በጀት የለም። ማሽኑ በአሠልጣኙ ስም የተመዘገበ ንብረት ነውና ቢሰበር የሚጠየቀው እሱ ነው። ታዲያ ምን ያድርግ? ይቆልፈዋል! እኔም ብሆን እቆልፈዋለሁ።

ገንዘብ አልወጣም ማለት አይቻልም። በ2011 ዓ.ም. የዓለም ባንክ በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ለሚገኙ 16 የሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት 293 ሚሊዮን ዶላር ሲፈቅድ 150 ሚሊዮኑ የእኛ ድርሻ ነበር። በዚያው ዓመት የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። ፖሊሲውም ቢሆን ቆንጆ ነው፤ «የትብብር ሥልጠና» ይላል፣ ከመቶ 70ው በተግባር እንዲሆን ያዛል። አሁን ደግሞ በኮምፒዩተር የሚታዘዙ ማሽኖች ይገቡልናል እየተባለ ነው። ይግቡ! የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ለእነሱስ ስንት ሜትር ሸራ ተገዝቷል?

«ብረት ውድ ነው፣ ተማሪ ያበላሸዋል» የሚሉ አሉ። ያበላሻላ! ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ደህና አንቀጽ የሚጽፉ ተማሪዎችን ያገኘሁት ብዙ ወረቀት ቀደው ከጣሉት መሃል ነው። የዘመዴን ዘንግ የሠራው ልጅ እኮ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ነው። ዲፕሎማ የለውም፤ ነገር ግን ጌታው ፊት ብረት እያበላሸ፣ እየተቆጣም እየታረመም አድጓል። ባለ ደረጃ አራቷ ያጣችው ይኼንኑ የማበላሸት መብት ነው። ከእሷ ይልቅ ማሽኑን አከበርነው።

ስለዚህ ከአዲስ ሕንፃ በፊት ሁለት ነገር ይደረግ። አንደኛ፣ ንብረት መዝገቡ ላይ «በሥልጠና ያለቀ» የሚል ዓምድ ይጨመርና አሠልጣኙ ከፍርሃት ይዳን። ሁለተኛ፣ ማሠልጠኛው በሩን ለገበሬው ይክፈት። የተሰበረው ፓምፕ ሁሉ ወደዚያ ይሂድ፤ ገበሬው ይከፍላል፣ ክፍያው ብረት ይገዛል፣ ተማሪውም እውነተኛ ሥራ ላይ እጁን ይፈታል።

የሚቀጥለውን ማዕከል የሚመርቁት ባለሥልጣንም አንድ ውለታ ይዋሉልን። ሪባኑን ከቆረጡ በኋላ ለፎቶ ከመቆም በፊት፣ ባለፈው ዓመት በተመረቀው ማዕከል ስንት ኪሎ ብረት እንደተቆረጠ ይጠይቁልን።