የቧንቧ ጥርስና የከተማ ውሃ

አንድ ከተማ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ማጣሪያ ካቆመና ቧንቧ ከዘረጋ በኋላ፣ በአንዲት መገጣጠሚያ ስሕተት ውሃው በከንቱ ቢፈስ፣ ጉዳቱ የመላው ሕዝብ ነው። ለዚህም የኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ ምሳሌ ትሆናለች። ጋባ ላይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚሳበው ውሃ ወደ ኮረብታዎቿ በኃይል መገፋት ስላለበት፣ በኮረብታው ግርጌ የሚገኘው መገጣጠሚያ ብርቱ ግፊት ይሸከማል።

የቧንቧ ጥርስ ሁለት ዓይነት ነው። ሾጣጣው በየ16 ሚሊሜትር ርዝመቱ ውፍረቱ በ1 ሚሊሜትር ይቀንሳል፤ ሲጠብቅም ጥርስ ከጥርስ ጋራ እየተጣበቀ፣ በካናፓ ወይም በቴፍሎን ታግዞ ውሃውን ይዘጋል። ቀጥ ያለው ግን ዕቃውን ከመያዝ በቀር ውሃ አይዘጋም፤ የሚዘጋው በግንባሩ ላይ የሚገባው ጎማ ነው።

ስለዚህ ሾጣጣ ወንዴ፣ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ቀጥ ያለ ሴቴ ውስጥ ካናፓ በሚገባ ተጠምጥሞበት ቢገባ ይሠራል። ቀጥ ያለ ወንዴ በሾጣጣ ሴቴ ውስጥ ሲገባ ግን የሚነክሰው በጥቂት ጥርስ ብቻ ስለሆነ ሊታመን አይገባም። ሾጣጣውንም በስስ ናስ ወይም በፕላስቲክ ውስጥ ከልክ በላይ ማጥበቅ ሴቴውን ይሰነጥቀዋል።

ከዚህም የባሰ ሌላ አደጋ አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1841 ዓ.ም. ጆሴፍ ዊትወርዝ ካቀረበው ሥርዓት የመነጨው የእንግሊዝ ጥርስ ማእዘኑ 55 ዲግሪ ሲሆን፣ የአሜሪካው 60 ዲግሪ ነው። ሆኖም በግማሽና በሦስት ሩብ ኢንች ልክ ሁለቱም በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ጥርስ ስላላቸው፣ እጅን አታልለው የተስማሙ ይመስላሉ።

«ቴፍሎን ከበዛበት ሁሉም ይገጥማል» የሚሉ አይታጡም። ነገር ግን ቴፍሎን ስሕተቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያርመውም፤ ሌሊት ተጠቃሚው አንሶ ግፊቱ ሲጨምር የተሸፈነው ይገለጣል።

የካምፓላ ነጋዴ የሚሸጠው ዕቃ አብዛኛው በሞምባሳ ወደብ በኩል የሚገባ ስለሆነ፣ ዓይነቱን መለየት የሚጀምረው ዕቃው ከመታዘዙ በፊት ነው። ነጋዴው «አር» የተጻፈበትን ሾጣጣ ወንዴና «ጂ» የተጻፈበትን ቀጥ ያለ ጥርስ በየሣጥኑ ለይቶ ቢያስቀምጥ፣ ሹሙም በጨረታው ላይ ከኢንቹ ጋራ የጥርሱን ዓይነት ቢያስጽፍ፣ ትርፉ የሁሉም ይሆናል። የኡጋንዳ የደረጃዎች መሥሪያ ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. በሕግ የተቋቋመው ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ነው። በጥቂት ሳንቲም የረከሰ መገጣጠሚያ፣ ግድግዳ ፈርሶ መንገድ ተቆፍሮ ሲቀየር፣ ከሁሉ የተወደደ ዕቃ ሆኖ ይገኛል።