የዳይ ኢንሰርት ያለጊዜው መበላሸትና በሀገር ውስጥ አምራቾች ላይ የሚያስከትለው ወጪ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በብስራተ ገብርኤል አካባቢ ቤቱን የሚያሳድስ ነዋሪ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የሚገዛቸው የበር እጀታዎች፣ የቧንቧ ራሶችና ማጠፊያዎች በአብዛኛው ከውጭ የገቡ ናቸው። መኪናውን ወደ ጋራዥ የሚያስገባ ባለንብረት የሚቀየርለት ቢየላ፣ ኮሎ ወይም ማርሽም እንዲሁ ነው። ለእነዚህ ዕቃዎች የሚሆን አሉሚኒየም፣ ናስና ብረት በሀገር ውስጥ ፈጽሞ የለም ማለት አይቻልም፤ ቁርጥራጩን ከየሰፈሩ የሚሰበስቡ ሠራተኞች፣ የሚያቀልጡ አውደ ጥናቶችና የሚያስተካክሉ ቶርኖ ቤቶች አሉ። በብዛት የጎደለው አንዱን ቅርጽ ሺህ ጊዜ ያለ ልዩነት የሚያወጣው ዳይ፣ በተለይም የዳዩ ልብ የሆነው ኢንሰርት ነው።

ጉዳዩን ወቅታዊ ያደረገው የውጭ ምንዛሪ ሥርዓት ለውጥ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ የአሜሪካ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ይህ ለሀገር ውስጥ አምራች ሁለት ገጽታ አለው። ከውጭ የሚገባው እጀታ በብር ሲታሰብ በመወደዱ የሀገር ውስጥ ምርት የመወዳደር ዕድሉ ሰፍቷል። በአንጻሩ ኢንሰርቱ ራሱ ወይም ኢንሰርቱ የሚሠራበት ልዩ ብረት ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ ወጪው በዚያው መጠን አድጓል። የትኛው ገጽታ ያመዝናል የሚለውን የሚወስነው አንድ ኢንሰርት ከመበላሸቱ በፊት ስንት ምርት ይሰጣል የሚለው ቁጥር ነው። የኢንሰርቱ ዋጋ ለ50,000 እጀታ ሲካፈልና ለ3,000 እጀታ ሲካፈል የሚያስከትለው የዋጋ ልዩነት ገዢው መደብር ውስጥ የሚያየው ልዩነት ነው።

ኢንሰርት ማለት በትልቁ የዳይ አካል ውስጥ የሚሰካ፣ የምርቱን ቅርጽ የያዘና ሲያልቅ ለብቻው የሚቀየር ክፍል ነው። ዳዩ በሙሉ ከውድ ብረት እንዳይሠራ ያግዛል፤ ጉዳት የሚበዛበትን ቦታ ብቻ ለይቶ ለመተካትም ያስችላል። በብዛት የሚሠራበት ኤች 13 የሚባለው የብረት ዓይነት 5 በመቶ ያህል ክሮሚየም፣ እንዲሁም ሞሊብዲነምና ቫናዲየም የያዘ ሲሆን ተመራጭ የሆነው ግሎ እንኳ ጥንካሬውን ስለማይለቅ ነው።

በሥራ ላይ የሚደርስበትን መመልከት ለምን እንደሚበላሽ ያስረዳል። በግፊት በሚከናወን የአሉሚኒየም ቀለጣ ከ650 እስከ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የጋለ ፈሳሽ በሰከንድ በአሥር ሜትሮች በሚለካ ፍጥነት ወደ ኢንሰርቱ ይገባል። ምርቱ ወጥቶ ወዲያው ውሃ የተቀላቀለበት ማለስለሻ ይረጭበታል። ገጹ ሲሞቅ ሊለጠጥ ይሻል፤ ከሥሩ ያለው ቀዝቃዛ ክፍል ግን ይይዘዋል። ሲቀዘቅዝ ተቃራኒው ይሆናል። ይህ በየዑደቱ ሲደጋገም ገጹ ላይ እንደ ደረቀ ረግረግ መሬት የተሰነጣጠቀ መረብ ይታያል። ስንጥቁ በምርቱ ላይ የመስመር ምልክት ሆኖ ይታተማል፤ እያደር ወደ ውስጥ ጠልቆ ኢንሰርቱን ለሁለት ሊከፍል ይችላል። ከዚህም ሌላ የቀለጠ አሉሚኒየም ከብረት ጋር የመዋሃድ ባሕርይ ስላለው ማለስለሻው ባልደረሰበት ቦታ ላይ ይጣበቃል። ሠራተኛው በመሮ ሲያነሳው ከኢንሰርቱ ገጽ አብሮ ያነሳል። ለዳይ ቀለጣ በሚዘጋጁ ብዙ የአሉሚኒየም ቅይጦች ውስጥ እስከ 1 በመቶ የሚደርስ ብረት እንዲኖር የሚደረገውም ይህንን መጣበቅ ለመቀነስ ነው። ከድስትና ከሞተር ክፍል የተቀላቀለ ቁርጥራጭ ይዘቱ ሳይለይ ሲቀልጥ ይህ ቁጥጥር አይኖርም። ናስ ደግሞ ከ900 ዲግሪ በላይ የሚፈስ በመሆኑ የኢንሰርትን ዕድሜ ከአሉሚኒየም እጅግ ያሳጥራል፤ በአሉሚኒየም ልምድ ለናስ ቧንቧ ዋጋ የሚያወጣ አምራች የሚከስረው በዚህ ምክንያት ነው።

በፎርጂንግ፣ ማለትም ብረትን አግሎ በዳይ መካከል በመቀጥቀጥ ቅርጽ በማስያዝ ሥራ፣ ጉዳቱ ሌላ መልክ አለው። 1,200 ዲግሪ ገደማ የጋለ ብረት ገጹ ላይ ጠንካራ የኦክሳይድ ቅርፊት ይይዛል። ቅርፊቱ ሳይራገፍ ከተመታ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የኢንሰርቱን ማዕዘኖች ይበላል። የጋለው ብረት በዳዩ ላይ በቆየ መጠን ደግሞ የኢንሰርቱ ገጽ ከተጠነከረ በኋላ መልሶ ከሞቀበት ሙቀት በላይ እየጋለ ይለሰልሳል፤ የለሰለሰው በበለጠ ፍጥነት ያልቃል።

እስካሁን የተጠቀሱት ጉዳቶች ሊዘገዩ እንጂ ጨርሰው ሊቀሩ የማይችሉ ናቸው። አሳሳቢው በመጀመሪያዎቹ መቶዎች ምት የሚሰነጠቀው ኢንሰርት ነው። ይህ ሲሆን ብዙ ጊዜ «ብረቱ መጥፎ ነው» ይባላል። ብረቱ በትክክልም የተባለው ዓይነት ላይሆን ይችላል፤ በቀለምና በክብደት ኤች 13ን ከተራ ብረት መለየት ስለማይቻል የቅይጥ ምርመራ ሳያደርጉ መግዛት አደጋ አለው። ሆኖም ምክንያቱ ከብረቱ ይልቅ ከአሠራሩ የሚመነጭባቸው አጋጣሚዎች ብዙ ናቸው። የውስጥ ማዕዘን ሳይከበብ ስል ሆኖ ሲቀር ጫናው እዚያ ይከማቻል። በኤሌክትሪክ ብልጭታ የተቆረጠ ገጽ ቀጭንና ተሰባሪ ንብርብር ስለሚተው ተወልውሎ መነሳት አለበት። ኢንሰርቱ በተሰካበት ቤት ውስጥ ከሥር ክፍተት ካለ በየምቱ ይታጠፋል። ከሁሉም በላይ ግን ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው ኤች 13 ከ1,000 ዲግሪ በላይ ግሎ ከተጠነከረ በኋላ ቢያንስ ሁለት ጊዜ መልሶ መሞቅ ሲገባው በአንዱ መቅረቱ ነው፤ እንዲህ ያለ ኢንሰርት እንደ መስታወት ጠንካራም ተሰባሪም ይሆናል። ሁለተኛው ጠዋት ሥራ ሲጀመር ቀዝቃዛ ኢንሰርት ላይ የጋለ ብረት ማሳረፍ ነው። ከ150 እስከ 300 ዲግሪ ቀድሞ ማሞቅ የሚጠይቀው የጋዝ ማሞቂያና ግማሽ ሰዓት ያህል ትዕግሥት ነው፤ የሚያድነው ግን በዶላር የተገዛ ዕቃ ነው።

ኢትዮጵያ ብረት በማፍሰስ ሥራ ታሪክ የሌላት አገር አይደለችም። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደርሷል። ነገር ግን የዚያ ዓይነት ሥራ ቅርጽ ማውጫው አንድ ጊዜ ካገለገለ በቂ ነበር። ዛሬም የአሸዋ ቅርጽ የሚጠቀሙ ድስት ሠሪዎች በእያንዳንዱ ድስት አዲስ አሸዋ ይጠቀጥቃሉ። ኢንሰርት የሚጠይቀው ዕውቀት ከዚህ የተለየ ነው፤ ማፍሰስ ከመቻል ይልቅ ያለ ለውጥ መደጋገምን ይመለከታል።

ይህ ዕውቀት በአንድ ጣሪያ ሥር የተሰበሰበበት ተቋም የለም ማለት አይደለም። ቀድሞ የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ ይባል የነበረው የአቃቂ ፋብሪካ፣ በ2002 ዓ.ም. በተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ኋላም በኢትዮ ኢንጂነሪንግ ግሩፕ ሥር የቀጠለ ሲሆን የማፍሰስ፣ የመቀጥቀጥ፣ የማሽንና የሙቀት ማጠንከር ክፍሎችን አጣምሮ ይዟል። ችግሩ የትናንሽ አውደ ጥናቶች ኢንሰርት ወደ እንዲህ ያለ ማጠንከሪያ የሚደርሰው ከተሰበረ በኋላ መሆኑ ነው። ባለሀብቶች ማሽን ከቀረጥ ነፃ ለማስገባት የሚያሳዩትን ጥረት ለዳይ አያሳዩም። ዳይ ከማሽኑ ጋር አንድ ጊዜ የሚገዛ ዕቃ ተደርጎ ይታያልና። በሒሳብ መዝገብም ሆነ በብድር ጥያቄ ውስጥ መመደብ ያለበት ግን እንደ ጥሬ ዕቃ፣ እየተበላ የሚያልቅ ሆኖ ነው። ባንክ የሚያቀርበው የማሽን ኪራይ ፋይናንስ ሲጠየቅ ለመጀመሪያው ዓመት የሚያስፈልጉት ኢንሰርቶች ብዛት አብሮ ካልተሰላ ማሽኑ በስድስተኛው ወር ሊቆም ይችላል።

ድጋፍ የሚፈልግ አምራች የአምራች ኢንዱስትሪ ልማት ኢንስቲትዩትን የቴክኒክ ምክር መጠየቅ፣ ለቁሳቁስ ምርመራ ደግሞ የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅትን ማነጋገር ይችላል። የንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪ ለሆነ ባለሙያ የንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ በቅርብ ያለ ተቋም ነው። የትም ቢቀርብ ግን የተሰበረውን ኢንሰርት ሳይበየድና ሳይሞረድ ቁርጥራጩን ጨምሮ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል፤ ስንጥቁ ከየት እንደጀመረ የሚናገረው የተሰበረው ገጽ ነውና ብየዳ ያንን ማስረጃ ያጠፋል። ብረቱ የተገዛበት የጥራት ሰነድ፣ የማጠንከሪያው የሙቀት መጠንና ሰዓት፣ ከመሰበሩ በፊት የወጣው ምርት ብዛት እንዲሁም ጠዋት ምን ያህል ተሞቆ እንደተጀመረ የሚያሳይ ማስታወሻ አብሮ ሊቀርብ ይገባል። ማስታወሻው በተራ ደብተር ላይ በእጅ የተጻፈ ቢሆንም ያገለግላል።