ፏፏቴው ከመተከሉ በፊት ጀፎረው ይለካ

ለከተማ መናፈሻ ንድፍ ሲዘጋጅ ጌጠኛ ፏፏቴ ከመካከሉ አይጠፋም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ወልቂጤና ቡታጅራ መናፈሻቸውን ሲያቅዱ ከጌጡ አስቀድመው አገልግሎቱን ሊያስቡ ይገባል የሚል ነው።

የጌጠኛ ብረት ፏፏቴ ታሪክ ይህንን ይደግፋል። ፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1870 እና በ1871 በደረሰባት ከበባና ጦርነት የመጠጥ ውኃ ተቸግራ ነበር። የከተማይቱ ነዋሪ የነበረው እንግሊዛዊ ባለጸጋ ሪቻርድ ዋላስ በ1872 በራሱ ወጪ የሕዝብ መጠጫዎችን አስተከለ። ቀራፂው ሻርል ኦጉስት ለቡር ጉልላቱን በራሳቸው የተሸከሙ አራት የሴት ምስሎች ሠራለት። ብረቱ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ስለሚፈስ አንዱን ንድፍ ደጋግሞ ማምረት ተቻለ። በሰንሰለት የታሰሩት ኩባያዎች በ1952 ለጤና ሲባል ቢነሡም፣ ብዙዎቹ መጠጫዎች ዛሬም ውኃ ይሰጣሉ። በእኔ እምነት ዕድሜ የሰጣቸው ይኸው ነው፤ መንገደኛ የሚጠጣበትን ብረት ከዝገት የሚጠብቅ አይታጣም።

በእኛ ዘንድ ውበትና ውኃ ተለያይተዋል። በቦኖው ዙሪያ ጀሪካን ይደረደራል፤ ፏፏቴው ለዓይን ብቻ ይረጫል። ፓምፑ ሲበላሽ ገንዳው ደርቆ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ይሆናል።

ጉራጌ ደግሞ የጋራ ሜዳን ጥበብ ከሩቅ መበደር አያስፈልገውም። በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የተዘረጋው ሣራማ ጎዳና፣ ጀፎረ፣ ሠርጉም ለቅሶውም የመስቀል በዓሉም የሚስተናገድበት ነው። ስፋቱን ያስከበረው የባህል ሕግና የሽማግሌዎች ዳኝነት ነው። ከተማ በሰፋ ቁጥር ግን ይህ የጋራ ሀብት እንደ ባዶ መሬት እንዳይቆጠር ያሰጋል።

ፏፏቴ ከተማን ያስውባል፣ እንግዳም ይስባል የሚሉ ወገኖች አልተሳሳቱም። ሆኖም ጠባብ በጀት ላለው ከተማ ውበቱን ከመጠጥ ውኃ ጋር ማጣመር ይበልጥ ያዋጣል። በጀፎረ አምሳል የተዘረጋ፣ ዛፍ ያጠላበት፣ በመካከሉም አላፊ አግዳሚው የሚጠጣበት ያማረ ቦኖ ያለው መናፈሻ ሁለቱንም ያሟላል።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግዙፍነት ያለውንም የሌለውንም ቅርስ ያቅፋል፤ ጀፎረ ሁለቱንም ነው። ስለዚህ የከተማ ፕላን፣ የሥነ ሕንፃና የቅርስ ጥናት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በሁለቱ ከተሞች ዙሪያ የቀሩትን ጀፎረዎች ስፋት፣ ዛፎች፣ አጠቃቀምና የጥበቃ ደንብ ከወዲሁ ለክተው ሊመዘግቡ ይገባል። ያልተለካ ሜዳ በፕላን ላይ ተከራካሪ የለውም።